ለማን ነው የምንመረመረው?

ባለፈው መስከረም እኔና እጮኛዬ ከቤተ ክርስቲያናችን የጋብቻ ኮሚቴ አንድ ገጽ ወረቀት ተቀበልን። ለጋብቻ የሚያስፈልጉ ነገሮች ዝርዝር ነው፦ ጉርድ ፎቶ፣ ያላገባን መሆናችንን የሚገልጽ የቀበሌ ደብዳቤ፣ የምስክሮች ስም፣ የጋብቻ ትምህርት መውሰዳችንን የሚያረጋግጥ ወረቀት። ተራ ቁጥር 6 ላይ «የሁለቱም ተጋቢዎች የኤችአይቪ ምርመራ ውጤት፣ ማኅተም ያለው» ይላል።

ሥራዬ ሶፍትዌር መሥራት ነው፤ ዝርዝር ሳይ አንድ በአንድ ምልክት እያደረግኩ መጨረስ ይቀናኛል። ወረቀቱን ፎቶ አንስቼ ስልኬ ላይ አስቀመጥኩና «ቅዳሜ ሁሉንም እንጨርሳለን» አልኳት። እሷ ግን ተራ ቁጥር 6 ላይ ቆማ ቀረች።

«ላንተ እመረመራለሁ። ነገ ካልክ ነገ እንሂድ። ለእነሱ የማሳየው ግን ለምንድን ነው?»

ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። አልሳቀችም።

ሻሸመኔ ተወልጄ ያደግኩ ነኝ። በኛ ከተማ ከሠርግ በፊት ደም መመርመር ሽማግሌ እንደ መላክ የተለመደ ነገር ነው። ለምን ብሎ የጠየቀ ሰው «የሚደብቀው ነገር ቢኖር ነው» ይባላል። እውነቱን ለመናገር እኔም ለአንድ ሰከንድ እንደዚያ አስቤያለሁ፤ በኋላ አፈርኩበት። ጥያቄዋን ይዤ ማንበብና ሰው መጠየቅ ጀመርኩ። ሁለት ወር ፈጀብኝ። ታሪኩ ከኤችአይቪ የሚጀምር መስሎኝ ነበር፤ ግን ራቅ ካለ ጊዜ ነው የሚጀምረው።

መርፌው ከመምጣቱ በፊት

ከጋብቻ በፊት ደም መመርመር አዲስ ነገር ይመስለናል እንጂ ድሮም ነበር፤ የተለወጠው መሣሪያው ነው። በአማራው ባህል ሽማግሌዎች እስከ ሰባት ቤት ዘር ይቆጥራሉ። በኦሮሞውም ጎሳ ይጠየቃል፤ ከገዛ ጎሳ መጋባት ነውር ነው። ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ ለመጠበቅ ስለሆነ ምክንያቱ ይገባኛል። ዘር ሲቆጠር ግን ሌላም ነገር አብሮ ይጠየቅ ነበር። «በቤታቸው ቁምጥና አለ ወይ?» ሥጋ ደዌ በዘር የሚወርድ ይመስል ስለነበር፣ አንድ አጎት የታመመበት ቤት ልጆች በሙሉ ማንም ሳይመረምራቸው «ፖዘቲቭ» ነበሩ ማለት ይቻላል።

ይህ ለሻሸመኔ ሩቅ ታሪክ አይደለም። ሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን የተባለው የወንጌል ተልእኮ ድርጅት በ1940ዎቹ የሥጋ ደዌ ሆስፒታል የከፈተው በከተማችን ነው። ከከተማዋ ወጣ ብሎ ያለው የጋምቦ ሆስፒታልም አነሳሱ የሥጋ ደዌ ሕክምና ነው። እንደነዚህ ባሉ ሆስፒታሎች ዙሪያ፣ አዲስ አበባ አለርት አካባቢ እንደሆነው ሁሉ፣ ከታከሙም በኋላ ወደ መጡበት መመለስ ያልቻሉ ሰዎች ጎጆ ቀልሰው ቀሩ። እዚያው እርስ በርስ ተጋቡ፣ ወለዱ። ሌላ ማን ልጁን ይሰጣቸው ነበር?

ሕጉም ከሕዝቡ ፍርሃት የራቀ አልነበረም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 591 ላይ ጋብቻን ለማፍረስ የሚያበቁ መሠረታዊ ስህተቶችን ይዘረዝራል። አንዱ፣ ያገቡት ሰው ሥጋ ደዌ እንዳለበት ሳያውቁ ማግባት ነው። በዚያ ዝርዝር ውስጥ በስሙ የተጠራ በሽታ እሱ ብቻ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1981 የዓለም ጤና ድርጅት ለሥጋ ደዌ ብዙ መድኃኒቶችን አንድ ላይ የመስጠት ሕክምናን ለዓለም አቀረበ። ዛሬ ከ6 ወር እስከ 1 ዓመት በሚወሰድ መድኃኒት ይድናል። በዘር አይወርድም፤ አብዛኛው ሰውም በተፈጥሮው ስለሚቋቋመው አይዘውም። ሕጉ ግን በሽታውን በስሙ እየጠራ እስከ 1992 ዓ.ም. ቆየ፤ ማለትም መድኃኒቱ ከተገኘ በኋላ 19 ዓመት ገደማ። ሰውስ? እናቴ አሁንም ድረስ «እነ እንትና ቤት እኮ…» ብላ ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች።

ይቺን የ19 ዓመት ክፍተት ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

መንገድ የሚገናኝባት ከተማ

ሌላው ሰው ሻሸመኔን በጃማይካ ሰፈር ያውቃታል። እኛ የምናውቃት በመንገዷ ነው። ወደ ሰሜን ዝዋይን አልፎ ወደ አዳማና አዲስ አበባ፣ ወደ ደቡብ ሐዋሳን አልፎ ሞያሌ ድረስ፣ ወደ ምዕራብ በአላባ አድርጎ ሶዶ፣ ወደ ምሥራቅ በኮፈሌና በዶዶላ አድርጎ ባሌ። ድንች የጫነውም፣ ከብት የጫነውም፣ ሰው የጫነውም በኛ በኩል ያልፋል፤ ሹፌርና ረዳት ያድርባታል። ግማሹ ንግዳችን ለሚያድር ሰው የሚሆን ነገር ነው፦ አልጋ፣ ምግብ፣ ቢራ።

ኤችአይቪ ኢትዮጵያ ውስጥ የነበረ መሆኑ የታወቀው በ1976 ዓ.ም. ገደማ በተሰበሰበ ደም ላይ በተደረገ ምርመራ ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕመምተኞች ሪፖርት የተደረጉት በ1978 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ ቫይረሱ አስፋልቱን ተከትሎ ሄደ። በ1997 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑ የከተማ ነዋሪዎች 5.5 በመቶ፣ ከገጠር ነዋሪዎች ደግሞ 0.7 በመቶ ቫይረሱ በደማቸው እንዳለ አገኘ። እንደኛ ያለ ከተማ ከየትኛው ወገን እንደነበረ መገመት አይከብድም።

ያኔ ልጅ ነበርኩ። የማስታውሰው ድንኳን ነው። የለቅሶ ድንኳን አንዱ ጎረቤት ጋ ፈርሶ ሌላው ጋ ሲተከል፣ እኛ ልጆች ገመዱ ላይ እየተንጠለጠልን ስንጫወት። ሟቹ ምን ሆኖ እንደሞተ ሲጠየቅ መልሱ ሁሌ «ሳንባ» ወይም «ወባ» ነበር። ጎረምሳ ከሆንኩ በኋላ ነው የሟቾቹን ዕድሜ ያሰብኩት። ሁሉም ዛሬ እኔ በደረስኩበት ዕድሜ አካባቢ ነበሩ።

መድኃኒት አልነበረም። ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በክፍያ መሰጠት የጀመረው በ1995 ዓ.ም. ሲሆን፣ በነፃ መሰጠት የጀመረው ደግሞ በጥር 1997 ነው። ከዚያ በፊት ለአንድ ወጣት ሊደረግለት የሚችለው እንዳይያዝ መርዳት ብቻ ነበር። የሃይማኖት ተቋማት በየፊናቸው ከጋብቻ በፊት የምርመራ ወረቀት መጠየቅ የጀመሩት በዚህ ጊዜ ነው። ኦርቶዶክሱም፣ ፕሮቴስታንቱም፣ ሙስሊሙም ዘንድ የተለመደ ሆነ። የመንግሥት መመሪያ ምርመራ በፈቃድና ከምክር ጋር ይሁን ይል ነበር። በ952 ወደ ወገን የስልክ መስመር የደወለ ሰውም የሚመከረው በፈቃዱ እንዲመረመር ነበር። ግዴታውን ያመጣው መንግሥት ሳይሆን ሠርግ የሚባርከው ወገን ነበር።

በዚህ ላይ መፍረድ ለኔ ቀላል አይደለም። ቀብር የሚያስፈጽሙት እነሱ ነበሩ። በዚያ ላይ የኮሚቴያችን ሰብሳቢ አንድ የነገሩኝ ነገር አለ። ጋሼ የምንላቸው ሽማግሌ ናቸው።

«አንተ ስለ ነፃነት ትጠይቀኛለህ» አሉኝ። «የ18 ዓመት ልጅ ለ35 ዓመት ነጋዴ ስትዳር፣ ‹መጀመሪያ ተመርመርልኝ› ብላ ልትጠይቀው ትችል ነበር ወይ? አባቷ እንኳን አፍሮ አይጠይቅለትም። እኛ ነን የጠየቅንላት። ‹የቤተ ክርስቲያን ደንብ ነው› ብላ ታመካኝ ነበር።»

ይህን ሰምቼ ዝም አልኩ። ግዴታው ለአንዳንዷ ሴት መሸሸጊያ ነበር። እሷ አፍ አውጥታ መጠየቅ ያልቻለችውን ወረቀት ጠየቀላት። ስለ ነፃነት የሚጻፍ ጽሑፍ ይህቺን ልጅ ከረሳ ጎደሎ ነው።

አክስቴ

አክስቶቼ ብዙ ናቸው፤ የትኛዋ እንደሆነች አልናገርም። ይህን ክፍል በስልክ አንብቤላታለሁ። ሁለት ቦታ አስተካክላኛለች፤ ቀሪውን «ጻፈው» ብላለች።

በ1998 ዓ.ም. 24 ዓመቷ ነበር። ሽማግሌ ተልኮ፣ ጥሎሽ ተነጋግረው፣ ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ተቆርጦ ነበር። በሚሄዱበት ቤተ ክርስቲያን ደንቡ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ የምርመራው ወረቀት ይገባል፤ ከዚያ የጋብቻው ማስታወቂያ ሦስት እሁድ በተከታታይ ለጉባኤው ይነበባል። ለየብቻ ሄደው ተመረመሩ። የእሱ ነጋቲቭ፣ የእሷ ፖዘቲቭ ሆነ። እሷ ወረቀቷን ለማንም አላሳየችም። እሱም ለማንም አልተናገረም፤ ይህን ዛሬም ትመሰክርለታለች። አዲስ አበባ ሥራ አገኘሁ ብሎ ሄደ።

ማንም አላወራም። ግን ካርድ ታትሟል፣ ጌሾ ተገዝቷል፣ ሰፈሩ ቀኑን ያውቃል። የመጀመሪያው እሁድ መጣ፤ ማስታወቂያው አልተነበበም። ሁለተኛው እሁድም አልተነበበም። በሦስተኛው እሁድ ሰው ሁሉ ዞር ዞር እያለ ያያት ጀመር። በሳምንቱ ወንፊት የምትዋሳት ጎረቤት መምጣት አቆመች። ቡና ላይ ስኒዋ ብቻውን መታጠብ ጀመረ።

ጀማሪ ፕሮግራመር ሳለሁ የተማርኩት አንድ ነገር አለ። «የይለፍ ቃል ረስቻለሁ» የሚለው ገጽ ለተመዘገበም ላልተመዘገበም ኢሜይል አንድ ዓይነት መልስ መስጠት አለበት። «ይህ ኢሜይል የለም» ካለ፣ ማንም ሰው እየሞከረ ማን ደንበኛ እንደሆነ ማን እንዳልሆነ ያውቃል። ዳታቤዙን የሰረቀ የለም፤ ሲስተሙ ራሱ ነው የሚናገረው። የአክስቴን ታሪክ ስሰማ መጀመሪያ ያሰብኩት ይህን ነው። ኮሚቴው ምሥጢር ጠብቋል፤ ደንቡ ግን ምሥጢር መጠበቅ አይችልም። ነጋቲቭ የሆነ ሰው ስሙ ይነበባል፤ ፖዘቲቭ የሆነ ሰው ላይ ዝምታ ይወርዳል። ዝምታውን ደግሞ ሰፈሩ በሙሉ ማንበብ ይችላል።

አክስቴ ወደ አዳማ ሄደች። መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት ከጀመረ ገና ዓመት ከምናምኑ ነበር፤ ጀመረች። ቫይረሱ በደማቸው ካለ ሰዎች ማኅበር ውስጥ ከባሏ ጋር ተዋወቀች። ሁለት ልጆች አሏቸው፤ ሁለቱም ከቫይረሱ ነፃ ሆነው ተወለዱ። ትልቁ ዘንድሮ ማትሪክ ይፈተናል።

ስለ ምርመራው ያላት አስተያየት የጠበቅኩት አልነበረም። ታማርራለች ብዬ ነበር።

«መመርመሩንማ እንዴት እጠላለሁ?» አለችኝ። «ባልመረመር ኖሮ ሳል ጀምሮኝ፣ ክብደቴ ወርዶ፣ ዘግይቼ ነበር የማውቀው። ያኔ እንደሞቱት ልጆች እሆን ነበር። እኔ የምጠላው አንድ ነገር ነው፤ የራሴን ነገር እኔ ሳልናገረው ሰፈር ቀድሞኝ ማወቁ። እናቴ እንኳን ከሰው ነው የሰማችው። እኔ ልነግራት ቃል እየፈለግኩ ነበር።»

እንግዲህ የሁለቱ ሰዎች ቃል ፊት ለፊት ቆመብኝ፤ የሰብሳቢያችንና የአክስቴ። ሁለቱም እውነት ነው። ምርመራው ሰው ያድናል፤ ለሦስተኛ ወገን የሚቀርበው ወረቀት ሰው ያቆስላል። ጥያቄዬም ተለወጠ፦ አንዱን ያለ ሌላው ማግኘት ይቻላል ወይ?

ሌሎች የሞከሩት

ይህን የሞከርነው እኛ ብቻ አይደለንም። እ.ኤ.አ. በ1906 ጀርመን ውስጥ የቂጥኝ የደም ምርመራ ከተገኘ በኋላ፣ አሜሪካ ውስጥ የኮነቲከት ግዛት በ1935 ሁለቱም ተጋቢዎች እንዲመረመሩ የሚያስገድድ ሕግ አወጣች። ብዙ ግዛቶች ተከተሏት። ቀስ በቀስ ግን አንድ በአንድ ሰረዟቸው፤ ለምርመራው ከሚወጣው ገንዘብ አንጻር በዚያ መንገድ የሚገኘው ሕመምተኛ ጥቂት ነበር። ሞንታና ሴቶች ለጋብቻ ፈቃድ የሩቤላ ምርመራ እንዲያደርጉ መጠየቋን ያቆመችው በ2019 ነው።

ኤችአይቪ ሲመጣ ኢሊኖይ እንደገና ሞከረች። እ.ኤ.አ. ከጥር 1988 ጀምሮ የጋብቻ ፈቃድ የሚፈልግ ሁሉ እንዲመረመር ታዘዘ። በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ከ70 ሺህ በላይ ሰዎች ተመረመሩ፤ ቫይረሱ የተገኘባቸው 8 ናቸው። ወጪው ወደ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ተገመተ። በግዛቷ የሚሰጠው የጋብቻ ፈቃድ ቁጥር ከ20 በመቶ በላይ ወረደ፤ ጥንዶች ድንበር ተሻግረው ጎረቤት ግዛት ሄደው ተጋቡ። ሕጉ በ1989 ተሻረ። ቻይናም እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2003 ጀምሮ የቅድመ ጋብቻ ምርመራን ከግዴታ ወደ ፈቃድ ቀየረች። ሳዑዲ ዓረቢያ ደግሞ በተቃራኒው ሄደች፤ በ2004 በዘር ለሚወርዱ የደም በሽታዎች የጀመረችውን የግዴታ ምርመራ በ2008 ኤችአይቪን ጨመረችበት።

እኔን የያዙኝ ግን ሁለት ሌሎች ናቸው።

አንደኛው ቆጵሮስ ነው። በዚያ ደሴት ታላሲሚያ የሚባል በዘር የሚወርድ ከባድ የደም በሽታ አለ፤ ከ7 ሰው አንዱ ገደማ ተሸካሚ ነው። ሁለት ተሸካሚዎች ከተጋቡ ልጃቸው ሊታመም ይችላል። የቆጵሮስ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ለጋብቻ የምርመራ ወረቀት መጠየቅ ጀመረች። እስከዚህ ከኛ ጋር አንድ ነው። ልዩነቱ ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው ነገር ነው። ወረቀቱ ጥንዶቹ ተመርምረዋል፣ ምክርም አግኝተዋል ይላል፤ ውጤቱን አይናገርም። ቄሱ ማን ተሸካሚ እንደሆነ አያውቅም፤ ማወቅም አያስፈልገውም። ጥንዶቹ ያውቃሉ፤ ይወስናሉ። ሁለቱም ተሸካሚ ሆነው ከተገኙትም አብዛኞቹ ተጋብተዋል።

ሁለተኛው ኒው ዮርክ ብሩክሊን ነው። ራቢ ዮሴፍ ኤክስታይን ቴይ-ሳክስ በሚባል በዘር የሚወርድ በሽታ አራት ልጆች ቀበሩ። እ.ኤ.አ. በ1983 ዶር የሾሪም የሚባል ድርጅት አቋቋሙ። ወጣቶች ደም ይሰጣሉ፤ ውጤት አይነገራቸውም፤ ቁጥር ብቻ ይሰጣቸዋል። ሁለት ሰዎች ለጋብቻ ሲታሰቡ ሁለቱ ቁጥሮች በስልክ ይነገራሉ፤ መልሱ «ይሆናል» ወይም «አይሆንም» ነው። አንዱ ብቻ ተሸካሚ ከሆነ ምንም ችግር ስለሌለው ማንም፣ ራሱም ሳይቀር፣ አያውቅም። እንደ ኮድ ጸሐፊ ስመለከተው ንድፉ ያስቀናል። እንደ ሰው ግን ይከብደኛል፤ ስለ ራስህ ደም ሌላ ሰው ያውቃል፣ አንተ አታውቅም። ለኤችአይቪማ ጭራሽ አይሆንም፤ ማወቅ ነው ወደ መድኃኒት የሚወስደው።

ስለዚህ ለኛ የሚቀርበው የቆጵሮሱ ነው። ሰብሳቢያችን ለዚያች የ18 ዓመት ልጅ የፈለጉት መሸሸጊያ አለ፤ ሁለቱም ሳይመረመሩ ወረቀት አያገኙም። አክስቴ የፈለገችውም አለ፤ ወረቀቱ ለሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ነው። ስሟ በሦስቱም እሁድ ሊነበብ ይችል ነበር። ካልተነበበም፣ ያልተነበበበት ምክንያት መቶ ነገር ሊሆን ይችላል።

ሕጉና መድኃኒቱ

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ላይ ጋብቻ በተጋቢዎች ነፃና ሙሉ ፈቃድ ላይ እንደሚመሠረት ይናገራል፤ አንቀጽ 26 ደግሞ የግል ሕይወትን ይጠብቃል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ይሠራል፤ ኦሮሚያ የራሱ አለው። የፌዴራሉን አነበብኩት። ለጋብቻ የሚያስፈልጉትን ሲዘረዝር ፈቃድ፣ 18 ዓመት፣ ዝምድና አለመኖር፣ ሌላ ትዳር አለመኖር ይላል። የደም ምርመራ የለበትም። የሕክምና ማስረጃ የሚያነሳው አንድ የሚገርም ቦታ ላይ ነው፦ የተፋታች ወይም ባሏ የሞተባት ሴት እንደገና ለማግባት 180 ቀን መጠበቅ አለባት፤ እርጉዝ አለመሆኗ በሕክምና ከተረጋገጠ ግን መጠበቅ አይኖርባትም። ወንዱ ምንም አይጠየቅም።

አሁን ወደዚያች የ19 ዓመት ክፍተት ልመለስ። አዲሱ ሕግ የሥጋ ደዌን ስም አነሳ። በቦታው፣ አንቀጽ 13 ላይ፣ የማይድን ወይም በዘር ሊተላለፍ የሚችል በሽታ ያለበትን ሰው ሳያውቁ ማግባትን መሠረታዊ ስህተት አደረገው። በ1992 ዓ.ም. «የማይድን» ሲባል ሰው ሁሉ ምን እንደሚያስብ ግልጽ ነው።

ያኔ ከነበረው ዕውቀት አንጻር አይፈረድም። ግን መድኃኒቱ እንደገና ሕጉን ቀድሞ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ፓርትነር የተባለ የአውሮፓ ጥናት 888 ጥንዶችን ተከታተለ። አንዳቸው ቫይረሱ አለባቸው፤ መድኃኒት በአግባቡ ስለሚወስዱ በምርመራ የማይታይ ደረጃ ላይ ደርሷል፤ ኮንዶም አይጠቀሙም። ወደ 58 ሺህ ጊዜ ያህል ግንኙነት ተመዝግቦ ከጥንዱ አንዱ ወደ ሌላው ያስተላለፈበት አጋጣሚ 0 ነው። አክስቴ ቫይረሱ አይድንላትም፤ ግን አይተላለፍባትም። «የማይድን» የሚለው ቃል ስለ እሷ እውነት ነው፤ ሊያስፈራ የታሰበበት ነገር ግን የለም። በሥጋ ደዌ ያየነው ይኸው ነው፤ መድኃኒቱ ይደርሳል፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ፍርሃት ባለበት ይቆያል።

ስለ ሕጉ አንድ ደግ ነገር ልናገር። አንቀጽ 13 የሚናገረው ስላለማወቅ ነው። አውቆ ላገባ ሰው በሽታው የማግባት ክልከላ አይደለም። የተታለለው ደግሞ የትዳር ጓደኛው ነው፤ ስህተት ነበረ ብሎ የመነሳት መብቱም የእሱ ነው። የኮሚቴ አይደለም፣ የሰፈር አይደለም። ሕጉ ሳያስበው የእጮኛዬን ጥያቄ መልሶታል፦ እውነቱን የመንገር ዕዳ ያለብኝ ለማገባው ሰው ነው።

ተራ ቁጥር 6

ኅዳር ውስጥ አንድ ቅዳሜ አብረን ሄደን ተመረመርን። የምክር ክፍሉ ውስጥ አንድ ወንበር ጎደለና እሷ ተቀመጠች፣ እኔ ቆምኩ። ነርሷ ገና ከመጀመሯ «ውጤቱን አብራችሁ ነው የምትሰሙት ወይስ ለየብቻ?» ብላ ጠየቀችን። በሁለት ወር ንባቤ ካገኘሁት ሁሉ በላይ የነካኝ ይህ ጥያቄ ነው። መጀመሪያ የጠየቀችን እኛን ነው። «አብረን» አልን። ውጤቱ እስኪደርስ ያለችው ደቂቃ፣ ምንም ቢሆን ምን እንደምናደርግ ቀድመን የተነጋገርን ቢሆንም፣ እጄን አልባኛል።

ውጤታችንን እዚህ አልጽፍም። «ነጋቲቭ» ብዬ ብጽፍ፣ ያልጻፈው ሁሉ ሌላ ነው ማለቴ ይሆናል። ያ ደግሞ የአክስቴ እሁድ ነው።

ወረቀቱን ለኮሚቴው አላስገባንም። በምትኩ ደብዳቤ ጻፍን፦ ሁለታችንም መመርመራችንን፣ አብረን ምክር ማግኘታችንን፣ አንዳችን የሌላችንን ውጤት ማወቃችንን የሚገልጽ የጤና ጣቢያ ማረጋገጫ ብናመጣ ኮሚቴው ይቀበለናል ወይ? ከኛ በኋላ ለሚመጡትስ ተራ ቁጥር 6 በዚህ ቢቀየር?

ሰብሳቢያችን ደብዳቤውን ሁለቴ አነበቡት። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

«ለናንተ ብዬ ደንብ አልቀይርም» አሉን።

«ጋሼ፣ ለኛ አይደለም» አለቻቸው እጮኛዬ። «እኛማ ወረቀት ብናመጣ ወይም ባናመጣ ሰው ያወራል፣ ያልፋል። በሦስተኛው እሁድ ስሟ ለማይነበበው ልጅ ነው።»

ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ ደብዳቤውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱትና «ከጥምቀት በፊት ስብሰባ አለን፤ አነበዋለሁ» አሉ።

ለአክስቴ ደውዬ ነገርኳት። «እናንተ ደግሞ ሠርጋችሁን እንዳታበላሹ» ብላ ተቆጣች። ስልኩን ልትዘጋ ስትል ግን «ደብዳቤውን በቴሌግራም ላክልኝ እስኪ» አለች።

ስብሰባው ገና ነው። ስልኬ ላይ ያለው ዝርዝር ሁሉም ምልክት ተደርጎበታል፤ ተራ ቁጥር 6 ብቻ ክፍት ነው።